አራት ጣት

ሠዓሊዋ የታላቅ እህቷን ዓይን በሁለት መዳፏ ሸፍና በበሩ እየገፋች ስታስገባት እኔ መሰላሉ ላይ ነኝ። ውሃ ልኩን ሥዕሉ አናት ላይ አስቀምጬ የውስጡ አረፋ መሃል እስኪገባ እጠብቃለሁ።

“ቀስ በይ እታለም፣ ደፍ አለ” ትላታለች። እህትየዋ ምርኩዟን ወለሉ ላይ ቋ ቋ እያደረገች ትስቃለች፤ በዚህ ዕድሜ ድብብቆሽ ምን የሚሉት ነው፣ ዛሬ ሰባብረሽ ልትመልሽኝ ነው እንዴ፣ እያለች።

ከአነጋገራቸው ብዙ ነገር ይገባኛል። ሠዓሊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ጨፋሪዎች ስትሥል ኖራለች። እህትየዋ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያች በማትታዘዛት እግሯ ምክንያት፣ ሌሎቹ ሲጨፍሩ ቦርሳቸውን ታቅፋ፣ ዳር ቁጭ ብላ፣ እያጨበጨበች ነው የኖረችው። ዛሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ “አንቺም አለሽበት” ተብላ መጥታለች። ነገ ኤግዚቢሽኑ ተከፍቶ አዳራሹን ሰው ሳይሞላው ብቻዋን እንድታየው ነው።

ከመሰላሉ እወርዳለሁ።

ሥዕሉ ሰው ነው ብሎ ላላየው ሰው የለውም። ፊት የለ፣ ጣት የለ። አንዱ ቀይ መስመር ይጎብጥና ወገብ ይሆናል፤ አንዱ ቢጫ ይወረወርና ክንድ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ሸራው ተጠቅልሎ አጎቴ የሥዕል ፍሬም ሱቅ ሲመጣ የሚወጠርበትን እንጨት የመቁረጡ ሥራ የእኔ ነበር። ሜትሩን እንደዘረጋሁ ዓይኔ ከቀይዋ ጋር ሄደ። በሰው ሠርግ ግድግዳ ተደግፌ የማመሸው እኔ፣ መጋዝ በእጄ እንደያዝኩ በሐሳቤ መሃላቸው ገባሁ። ስመለስ እንጨቱ ተቆርጧል፤ አራት ጣት አንሷል።

ሌላ እንጨት መደርደሪያው ላይ ነበር። እሱን ለመውሰድ ግን አጎቴን መጠየቅ ግድ ነው፤ አጎቴ ደግሞ በዚያው ሳምንት ብቻ ሁለቴ፣ ጭንቅላትህን ቤት ትተኸው ነው እንዴ የምትመጣው ብሎኛል። ስለዚህ የሸራውን ቀኝ ጠርዝ ወደ ኋላ አጠፍኩት። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ነገር ነበር። ቀለም ነው፣ ማን ልብ ይለዋል አልኩ። ሚስማሩን ስደቅን ግን ሰማያዊው ሴት ሆነችብኝ፤ ክንዶቿን አየሁ፤ ሁለቱም ወደ ላይ ተዘርግተዋል። አየሁ፣ መታሁ።

“በይ እንግዲህ፣ ራስሽን ፈልጊ” ትላታለች ሠዓሊዋ፣ እጇን እያነሳች።

እህትየዋ ዓይኗን አርገብግባ ከግራ ትጀምራለች። ቢጫውን ታየዋለች፤ ወንድማችን ነው፣ አቤት አንገቱ፣ ትላለች። ቀይዋ ጋ ስትደርስ፣ ይቺማ አንቺ ነሽ፣ ድሮም መሃል ካልሆንሽ አይሆንልሽም፣ ብላ ታናሿን በክርኗ ጎሸም ታደርጋታለች። ቀኙ ጠርዝ ላይ ትደርሳለች። ትቆማለች። ከዚያ እንደገና ከግራ ትጀምራለች።

ሠዓሊዋ ቀድማት ጠርዙ ላይ ደርሳለች። ዓይኗ ከጠርዙ ወደ ባዶው ግድግዳ፣ ከግድግዳው ወደ እኔ ይመጣል። ከተወጠረ ወዲህ ሥዕሉን እሷም ገና ማየቷ ነው።

“እኔስ?” ትላለች እህትየዋ።

ሠዓሊዋ ጠርዙን በጣቷ ትዳስሳለች።

“ይሁን ግድ የለም።” የእህቷን ትከሻ መታ መታ ታደርጋለች። “የሆነ ቦታ ቁጭ ብዬ ቦርሳችሁን ይዤላችሁ ይሆናል።”

ትስቃለች፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ምርኩዟን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ፣ ከግራ መልሳ ወደ ቀኝ ታዛውራለች።

መሰላሉን አጥፌ እሸከማለሁ። የሚሰቀል ሌላ ሥዕል በሚቀጥለው ክፍል አለ፤ ብሄድ የሚጠራኝ ሰው የለም። ሁለት እርምጃ እሄዳለሁ። መሰላሉን አስቀምጣለሁ።

“ከኋላ ነዎት፣ እትዬ።”

ሁለቱም ይዞራሉ።

“እንጨቱን አሳጥሬ ቆረጥኩት። እኔ ነኝ ያጠፍኩዎት።” ይሄ ይበቃ ነበር፤ አፌ ግን አልዘጋ ይላል። “እያየሁ ነው ያጠፍኩዎት።”

ጆሮዬ ይነድዳል። ቢጮሁብኝ እንዴት በቀለለኝ። ሠዓሊዋ የሥዕሉን አንድ ጎን ትይዛለች፣ እኔ ሌላውን፤ ተጠቅልሎ በመጣበት ብርድ ልብስ ላይ በግንባሩ እናስተኛዋለን። ሚስማሮቹን በፒንሳ አንድ በአንድ እነቅላለሁ። አሥራ አንድ ናቸው። ከመሃል አንዴ ብቻ፣ እዚያ ጋ ቀለሙ ወፍራም ነው፣ ቀስ በል፣ ትለኛለች።

መልሰን ግድግዳው ላይ ስናስደግፈው ጠርዙ የለመደውን እጥፋት ይፈልጋል፤ ወደ ኋላ ይሸሻል። ላዩንና ታቹን በሁለት እጄ ይዤ እዘረጋዋለሁ።

ሰማያዊዋ ሴት ቀጭን ናት። እጥፋቱ ከብብቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነጭ ጭረት ጥሎባታል፤ የተሰነጠቀው ቀለም እየተቀረፈ ጫማዬ ላይ ይወርዳል።

እህትየዋ እኔ አጠገብ ድረስ ትመጣለች። ዓይኗ ከሰማያዊዋ ክንዶች ወደ እግሮቿ ይወርዳል።

“መሬት የረገጠችው በየትኛው እግሯ ነው?”

“በአንዱም” ትላለች ሠዓሊዋ።

እህትየዋ ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ “አጥብቀህ ያዛት፣ ልጄ” ትላለች።

ልጄ ባትለኝ ይሻለኝ ነበር። አጥብቄ እይዛለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ላስቆመው ብል ይብስበታል። በእጄ ሸራው፣ በሸራው ሰማያዊዋ ሴት ከእግር እስከ ራሷ ትርገበገባለች። እህትየዋ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ ታስደግፍና፣ ቀስ ብላ፣ ታጨበጭብላታለች።