የፋብሪካው አፈር

ወጣቷን ባለሙያ ሁለት ዓመት የለፋችበት የኮምፒውተር ፕሮግራም በሰፈርተኛው ፊት አዋረዳት። የተዘጋው የቆዳ ፋብሪካ ግቢ ምን ይሠራበት ብላ ብትጠይቀው «አፈሩ ንጹሕ ነው፤ መዋእለ ሕፃናት» አለ። የዕድሩ አዳራሽ በሳቅ አውካካ።

«ልጄ፣ ስንት ዘመን መርዝ ሲደፋበት የኖረ መሬት እኮ ነው» አሏት እትዬ አስካለ።

«እናንተ የምታወሩት በግምት ነው፤ እኔ አፈሩን አስመርምሬያለሁ።» ባለ ተረከዝ ጫማዋ የአዳራሹ የአፈር ወለል ውስጥ እየሰመጠ ስላስቸገራት፣ ከጠዋት ጀምሮ በባዶ እግሯ ቆማ ነበር የምታስረዳቸው።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሰው ጣልቃ ገቡ። «እውነቷን ነው። የላይኛውን አፈር እኮ አምና በደቦ ዝቀን አንሥተነዋል።»

ደረቷን ነፋች። «አያችሁ? የት ደፋችሁት?»

«ምን ይደፋል? ይሄ አዳራሽ ውሃ እየቋጠረ ቢያስቸግረን ወለሉን ደለደልንበት።»

ኮምፒውተሯንም ሰፈርተኛውንም እዚያው ትታ፣ ጫማዋን አንጠልጥላ ወጣችና በሩን ዘጋችው።