የወይዘሮ ሶልያና ዓሣ

ሐዋሳ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ጠብሳ ስትሸጥ የኖረችው ወይዘሮ ሶልያና መጥበሻዋን ከሰቀለች ቆየች። እንደ እሷ ያለ የልብ ሕመምተኛ ሁሉ የራሱን ሕመም የምትታመም ዓሣ ቤቱ እንዲያኖር ከታዘዘ ወዲህ መሆኑ ነው። የእሷዋ ዓሣ ጣት አታህልም፤ ጠረጴዛው ላይ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ትዋኛለች። ሰውነቷ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ልቧ ሲመታ ይታያል፤ ልክ እንደ ሶልያና ልብ ሮጥ ሮጥ ይልና ቆም ይላል።

አዲስ መድኃኒት ሲመጣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው እዚያ ውሃ ውስጥ ነው። ከዚህች በፊት የመጡት ዓሦች መድኃኒቱ አልስማማ ብሏቸው ሞቱ። ሶልያና ጓሮ፣ ጊሽጣው ሥር ቀበረቻቸው። ባሏ ያፌት "ዓሣም ይቀበራል እንዴ?" ብሎ ሊስቅ ሲል ፊቷን አየና አካፋውን አመጣላት።

ዛሬ የምትከታተላት ነርስ መጥታ መስታወቱ ላይ ጎንበስ አለች። የዓሣዋ ልብ ረጋ ብሎ ይመታል።

"እማማ፣ ይሄኛው ተስማምቷታል። ከነገ ጀምሮ እርስዎም ይውሰዱት።"

"እሷንስ ልትወስጃት ነው?"

"ከፈለጉ እዚሁ ትኑር።"

ያፌት ደስታው ሐይቁ ዳር ወሰደው። ትልቅ ቆሮሶ ዓሣ ይዞ ተመለሰና ደጃፉ ላይ ሲደርስ ነገሩ ትዝ ብሎት ከጀርባው ደበቀው።

"አየሁት እኮ" አለችው።

"ለጎረቤት ልሰጠው ነው።"

"ተው ባክህ። እኛስ ምን በወጣን? ይልቅ ዘይቱን አቀብለኝ።"

መጥበሻውን አውርዳ ጣደች። ዘይቱ መንጫጫት ሲጀምር ግን ተነሣች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ የመስታወቱን ዕቃ ዙሪያውን ሸፈነችው።

"አንቺ ይሄን አትዪ፣ እህቴ" አለቻት።