የስምንት ሰዎች ጥናት

ነርሷ ምላሷ ከመርፌዋ ይብሳል ይባልላታል። ስለዚህ የምትከታተለው የምርምር ትምህርት መምህርት፣ "እያንዳንዳችሁ አንድ ጥናት መርምራችሁ ጥንካሬና ድክመቱን ክፍል ፊት ታቀርባላችሁ። የወደቀ ትምህርቱን ይደግማል" ስትል ያልደነገጠችው እሷ ብቻ ነበረች።

የደረሳት የቃለ መጠይቅ ጥናት ነው። የጸሐፊውም የሆስፒታሉም ስም ተሰርዟል። ስምንት ሕሙማን ስለ ነርሶቻቸው ያወሩበት ነው እንጂ ቁጥር የሚባል ነገር በደጁም አላለፈም።

"ተጠንቀቂ፣ የራሷ የመምህርቷ ጽሑፍ ነው እየተባለ ነው" አለቻት ጓደኛዋ። "የነብር ጭራ አይያዝም።"

"ከያዙ ደግሞ አይለቁም!" ብላ ሳቀች ነርሷ።

ግን ወሬው እውነት ሳይመስላት አልቀረም። መምህርቷ የነርሷን ሆስፒታል እንደሚያውቅ ሰው ገና የመጀመሪያ ቀን ትክ ብላ አይታት፣ "የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ አይደለሽም?" ብላት ነበር። ማን እንደነገራት እንጃ። ነርሷ ያኔ፣ 'ስሜ ቀድሞኛል ማለት ነው' ብላ ደስ ብሏት ነበር።

ቀኑ ደረሰ።

"ስምንት ሰው! ያውም ከአንድ ሆስፒታል፣ ያውም ማውራት የወደዱ ብቻ" ብላ ጀመረች። "ጠያቂዋም የዚያው ቤት ሠራተኛ ናት። በገዛ ጉዳይ ዳኝነት!"

ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷ ግራ ክንዷን አሻሸች።

"አምስተኛዋን ታካሚ ደግሞ ስሙልኝ። 'ክንዴን አየች፣ መርፌውን አየች፣ እኔን ግን አላየችኝም።' ይሄ ግጥም ነው ወይስ መረጃ? ማደንዘዣው አልለቀቃትም መሰለኝ።"

"ታዲያ ቃሏን ምን እናድርገው?" አለች መምህርቷ።

"እኔ ብሆን ከጥናቱ አወጣው ነበር።"

ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ መምህርቷ፣ "አንቺ ቆዪ" አለቻት። ጓደኛዋ ከበሩ ላይ 'አለቀልሽ' በሚል ዓይን አይታት ወጣች። ነርሷ ወደ መምህርቷ ጠጋ አለች።

"መምህር፣ ጽሑፉ የእርስዎ ከሆነ በጣም ይቅርታ…"

"የኔ? ማነው ያለሽ?" መምህርቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። "አልጻፍኩትም። ትችትሽም ልክ ነው፤ ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ጠያቂዋም ከውጭ መምጣት ነበረባት። ሙሉ ነጥብ ሰጥቼሻለሁ።"

ነርሷ እፎይ ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

"ቃሏን ግን አታውጪው" አለች መምህርቷ። "አምስተኛዋ እኔ ነኝ፤ የወጋሽኝም አንቺ።"