ከመድረኩ ጀርባ

ማህደር ፊቷን በነጭ ቀለም፣ ከንፈሯን በጥቁር ተቀብታ፣ ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ውስጥ ከተተከለው መድረክ ጀርባ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ተጋደመች። የሮክ ባንዷ ትርዒት ሁሌም የሚጀምረው እሷ ከሣጥኑ ስትነሣ ነው። በየመጠጥ ቤቱ ምድር ቤት ሲጫወት የኖረው ባንድ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፊት ሲቀርብ የመጀመሪያው ነበር።

ክዳኑ ሊዘጋ ሲል አባቷ ብቅ አሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆኑ፣ «ልጄን ሬሳ ሣጥን ውስጥ አላይም» ብለው አንድም ቀን መጥተው አያውቁም።

«አባዬ፣ መጡ?» አለች።

እጃቸውን ግንባሯ ላይ ጫኑ። ነጩ ቀለም መዳፋቸው ላይ ቀረ፤ አልጠረጉትም።

«በይ፣ ተነሺላቸው!» ብለው ክዳኑን ራሳቸው ዘጉት።

ጨለማው ውስጥ ሆና፣ አባቷ ከመድረኩ ጀርባ ለቆመው ጥበቃ «ልጄ ናት! ልጄ እኮ ናት!» ሲሉ ሰማች።