ደጃፍ ላይ የሚደፋው

ሁለቱም ልጆቿ በትኩሳት ከወደቁ ወዲህ ሴትዮዋ ጎረቤቷን እትዬ ትርንጎን በዓይነ ቁራኛ ትጠብቃለች። እትዬ ትርንጎ ጠዋት ጠዋት ግራ ቀኝ ታይና የሴትዮዋ ደጃፍ ላይ ባቆረው ውሃ ጥቁር ነገር ጠብ ታደርግበታለች። መተት ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል?

የቀበሌው ጤና ባለሙያ ቤት ለቤት ስትዞር መጣች፤ ሴትዮዋ ክንዷን ይዛ ደጃፏ ላይ ያለውን ጥቁር ውሃ አሳየቻት።

«የተቃጠለ ዘይት እኮ ነው! ቢምቢ እንዳይፈለፈል ብላ ነው» አለች ባለሙያዋ።

«ታዲያ ለምን ተደብቃ?»

«አንቺን ፈርታ ነዋ!»

«አንቺንም አታለለችሽ። እኔ ግን ቀድሜያታለሁ፤ ጠበል በባልዲ አስመጥቼ ልጆቼ አልጋ ሥር ካስቀመጥኩ ሰነበትኩ። በረከቱ እንዳይታፈን ክዳን እንኳ አላደረግሁበትም።»

ባለሙያዋ ወደ ቤት ገብታ ጎንበስ ብላ ባልዲውን ከአልጋው ሥር ወደ ብርሃኑ ሳበችው። ጥርት ባለው ውሃ ውስጥ የቢምቢ እጭ ይርመሰመሳል።