የትርንጎ ጠርዝ

ትርንጎ ዊልቸሯን ሱቁ በር ላይ ስታቆም፣ ጋሽ ሙዘይን የዘይት ጀሪካን እንዳቀፉ ደርቀው ቀሩ። የበሩን የብረት መወጣጫ ያሠራችው እሷ ነበረች፤ ምን አለሽ ተራ ድረስ አብራቸው ሄዳ። «ግራና ቀኙ ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑረው፣ ጎማዬ እንዳያመልጠኝ» ብላ ከበያጁ ጋር ስትሟገት አጠገቧ ቆመው ነበር። ግን የበዓል ገበያ ደረሰ፤ መርካቶ ላይ ደግሞ ባዶ ቦታ ጦሙን አያድርም። መወጣጫው በጀሪካን ተሞልቶ አንዲት ክፍት ቦታ ብቻ ቀርታለች።

«አንዴ ታገሺኝ ልጄ፣ አሁን አስነሳዋለሁ» አሉ፣ ያቀፉትን በክፍቷ ቦታ ለማስቀመጥ አፍረው። ከኋላዋ አንድ ጋሪ ገፊ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ይጮኻል።

ትርንጎ እጇን ዘርግታ ጠርዙን ዳሰሰችው። ጀሪካኖቹ እሱን ተደግፈው ቆመዋል፤ አንዱም ወደ ጎን አልወደቀም።

«ግድ የለም ጋሼ፣ ጥሩ አድርጎ ይዞልዎታል» አለችና ዊልቸሯን አዞረች።

ጋሽ ሙዘይን ሕዝቡ መሀል እስክትጠፋ ድረስ በዓይናቸው ሸኟት። ከዚያ ክንዳቸው ሲዝል፣ ያቀፉትን ጀሪካን በቀረችው ክፍት ቦታ ላይ ጠርዙን አስደግፈው አስቀመጡት።