የበቅሎዋ ዋጋ

ላቀው መሰላሉ ጫፍ ላይ ደርሶ ጋቢውን ሊገፍፍ እጁን ዘረጋ። ያገኘው ግን ጣራው ላይ ራቁቱን የተጋደመ መስተዋት ነው።

«ጋቢዬስ?» አለ ወደ ታች።

ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ዞሮ ሚስቱን እጅጋየሁን አየ። ጋቢው እሷ ትከሻ ላይ ነው። ጠዋት ባሏ ለቀበሌው ስብሰባ እስኪወጣ ጠብቃ ከመስተዋቱ ላይ ገፈፈችው፤ ቀኑን ሙሉም ለብሳው ዋለች።

«ምነው ልጄ?» አሏት ጎረቤታቸው አያ ወልደኢየሱስ። «ዓይን እንዳይገባበት ብሎ እኮ ነው የሸፈነው። ይህን የሚያህል ንብረት ለአላፊ አግዳሚ ይገለጣል?»

«ታዲያ ትናንት ሁላችሁም ተሰብስባችሁ ሳለ ምነው ሳይበራ ቀረ፣ አያ? ስጥ ተሸፍኖ ሲደርቅ አይተው ያውቃሉ? ፀሐይ ይበላል ተብሎ የመጣ ነገር፣ አፉን አፍነውት ምን ይብላ?»

ነገሩ ለላቀው ነው፤ የተነገረው ግን ለአያ ነው። እጅጋየሁ ባሏን ካነጋገረችው ሰንብታለች። እሷ በእግሯ ጠበል ሄዳ ሳለ፣ አባቷ የሰጧትን በቅሎ ደባርቅ ገበያ አውጥቶ ሸጠባት። በገንዘቡም በላቸው የሚባል የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ ከሱዳን ያመጣውን ይህን ፀሐይን ወደ መብራት የሚለውጥ መስተዋት ከአንድ አምፖልና ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ጋር ገዝቶ መጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ የምታነጋግረው የቤቱን ምሰሶ ነው። «እራት ደርሷል» ትለዋለች ምሰሶውን፤ ላቀውም በምሰሶው ፈንታ ቀርቦ ይበላል።

ቁርጧን የነገረችው ለአያ ነው። ዛሬም ካልበራ ነገ በጠዋት ጎንደር ወንድሟ ዘንድ ትሄዳለች፤ ከሄደችም የምትመለስ አይመስላትም። ጓዟ ተጠቅልሎ በሩ ሥር ተቀምጧል። አያም የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ለላቀው አድርሰዋል።

ላቀው ከመሰላሉ ወረደ። አያ ወልደኢየሱስ ተቀበሉት።

«ለመሆኑ አንተ፣ በበቅሎዋ ዋጋ እስከ ልጅ ልጅህ የሚበቃ ላምባ ትገዛ አልነበረም?»

«ላምባው ካለ አይደል፣ አያ? የቀበሌው ሱቅ በወር አንዲት ጠርሙስ ነው የሚሰጠን፤ እሷም ስብሰባ ላልቀረ ጓድ ነች።» ላቀው ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀኑን ስብሰባና ዘመቻ እየበላበት መርፌ የሚይዘው ከመሸ ነው። «ማታ ማታ የምሰፋበት ብርሃን ካገኘሁ፣ ውሎ አድሮ ሌላ ሸጋ በቅሎ እገዛላታለሁ።»

ይህን ሲል ሚስቱን አላያትም።

ሌላ በቅሎ ይላል ደግሞ፣ አለች እጅጋየሁ በሆዷ። በሆዷ ስትሰድበው ነው የዋለችው። ጋቢውን የገፈፈችውም ለእሱ አዝና አልነበረም፤ በቅሎዋ ከሄደች አይቀር ለጨለማ መሄድ የለባትም ብላ ነው።

ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ገባ፤ ሰዉም ላቀውን ተከትሎ ወደ ቤት ገባ። ውስጡ ጨልሟል። ላቀው ሲደናበር የስፌት መኪናውን ገጨው። የአምፖሉን ሽቦ ከባትሪው ጋር አገናኘ። ምንም የለም። ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው ደግሞ ሳቁን በነጠላው አፈነ። እጅጋየሁ በጨለማው ውስጥ የባሏን ትንፋሽ ሰማች፤ ዳገት እንደወጣ ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳል። በል ብራ እንግዲህ፣ አለች ሳታስበው።

ላቀው የሽቦውን ጫፍ በጥርሱ ላጠና እንደገና ነካው።

በራ።

ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ እንደ ኩራዝ አይርገበገብ። ሎሚ የምታህል አምፖል ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ሞላችው። የጣራው ጥላሸት፣ የግድግዳው ስንጥቅ፣ መሬት ላይ የወደቀ ክር ሳይቀር ታየ። አያ ወልደኢየሱስ ቀስ ብለው ቀርበው አምፖሉን እፍ አሉት። አልተነቃነቀም። ጠንከር አድርገው ደገሙት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና አማተቡ።

እጅጋየሁ ፈራች፤ ደስም አላት፤ ሁለቱን መለየት አቃታት። ቀን ትከሻዋን ሲያሞቃት የዋለው ፀሐይ ነው ይህ። እሱ ጠልቋል፣ አገሩም ጨልሟል፤ ከእሱ የተቆረሰው ግን ይኸው እሷ ቤት ገብቶ አብሯት ያመሻል። ሥራህ ግሩም ነው፣ አለች ፈጣሪዋን።

መብራት ሲበራ ሰው እንደ አዲስ ሰላም መባባሉ ልማድ ነው። «እንደምን አመሻችሁ» አሉ አያ ወልደኢየሱስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቤተ ክርስቲያን የቆሙ ይመስል። «እንደምን አመሹ፣ አያ» ተባለ ከየጥጉ። ሰው እርስ በርሱ ፊት ለፊት እየተያየ፣ እንደ ዘመን መለወጫ ዕለት ሰላም ተባባለ። እጅጋየሁም ለአያ አለች፤ ለጎረቤቶቿም በየተራ አለች።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ሽቦውን እንደያዘ ባትሪው አጠገብ ተንበርክኳል። ፊቱን ትክ ብላ ካየችው ብዙ ጊዜዋ ነው። ከስቷል። ጢሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል፤ መቼ እንደገባ አታውቅም።

«እንደምን አመሸህ፣ ላቀው?» አለችው።

ለዚህ የሚመለሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ የለመደ አፍ ሳያስብ ይለዋል። ላቀው ግን አፉን ከፈተና ቃል አጣ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ዳሩ ቤቱ ውስጥ የሚደበቅበት ጨለማ አልነበረም።